አይጠየፍ ላይ «እኔ ንጉሥ ሚካኤል ነኝ» ይባል ወይስ አይባል?

ጥያቄው፦ ደሴ፣ በወሎው ንጉሥ ሚካኤል የግብር አዳራሽ፣ በአይጠየፍ፣ ወጣት በጎ ፈቃደኞች የዘመኑን ልብስ ለብሰው ጎብኚ ቢቀበሉስ? መልበሱን ብዙ ሰው ይወደዋል። ጠቡ ያለው አነጋገሩ ላይ ነው። ለባሹ ንጉሡን ሆኖ ይናገር ወይስ ስለ ንጉሡ ይናገር?

የቲያትር ልጅ፦ ሆኖ ይናገር። ጎብኚ መስታወት ውስጥ ያለ ጎራዴ አይቶ ያልፋል፤ ሰው ሲያናግረው ግን ይቆማል። አሜሪካ ፕሊመዝ ያለው ሙዚየም ከ1970ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የእንግሊዝ ሰፋሪዎቹን መንደር የሚያሳየው እንዲህ ነው፤ ለባሾቹ በ1620ዎቹ እንደሚኖሩ ሆነው ያወራሉ፣ ስለ ስልክ ብትጠይቃቸው አይገባቸውም። ወሎ ደግሞ የአንደበት ችግር የለባትም።

አስጎብኚዋ፦ ወንድሜ፣ ግማሹን ነው ያነሳኸው። እዚያው ሙዚየም ውስጥ የዋምፓኖአግ (የአገሩ ነባር ሕዝብ) ክፍል አለ። እነሱ የጥንቱን ልብስ ለብሰው የሚያወሩት ግን በዛሬ ማንነታቸው ነው። ታሪኩ አሁንም የራሳቸው ነውና የድሮ ሰው ሆኖ መጫወቱን አልፈለጉትም።

እስቲ አንድ የሃያ ዓመት ልጅ ካባ ደርቦ ንጉሥ ሚካኤል ሆነ እንበል። የመጀመሪያው ጎብኚ «ቦሩ ሜዳ ላይ ለምን ተጠመቁ?» ይለዋል። መሐመድ አሊ በ1870 ዓ.ም. ሚካኤል ተብለው መጠመቃቸው፣ የክርስትና አባታቸውም አፄ ዮሐንስ መሆናቸው የታወቀ ነው። በልባቸው የነበረውን ግን ልጁ ፈጥሮ ሊናገር ነው፤ ያውም ግማሹ ሙስሊም ግማሹ ክርስቲያን በሆነ ቤተሰብ ፊት! «ስለ እሳቸው» ከተናገረ ግን መንገዱ ሰፊ ነው። ሌላው የወሎ ገዥ ኢማም አመዴ ሊበን ኃይለ ማርያም ተብለው ሲጠመቁ ክርስትና ያነሷቸው ምኒልክ እንደሆኑ፣ ሼህ ጦልሃ ጃዕፈር ደግሞ እምቢ ብለው እንደተነሱ ያስረዳል። ያልታወቀውንም «አልታወቀም» ይላል። ንጉሥ ሆኖ የቆመ ሰው እንዴት ብሎ «አላውቅም» ይበል?

የቲያትር ልጅ፦ አብሽሪ እህቴ፣ ያ በሥልጠና ይፈታል።

አስጎብኚዋ፦ በስንት ቀን ሥልጠና? ለበጎ ፈቃደኛ የምትሰጠው ሁለት ቅዳሜ ነው። ደግሞ ግብር፣ የንጉሡ ግብዣ፣ ይታይ ካላችሁ እንስራ የተሸከመችው ማን ነበረች? በመኳንንት ቤት ባሪያ ነበር፤ ባርነት በአዋጅ የቀረው በ1934 ዓ.ም. ነው። የትኛዋን በጎ ፈቃደኛ «አንቺ ባሪያዋ ነሽ» ልትላት ነው? ሌላው የአሜሪካ ሙዚየም፣ ኮሎኒያል ዊልያምስበርግ፣ በ1994 (እ.ኤ.አ.) የባሪያ ጨረታ በትርኢት ሲያሳይ ብርቱ ተቃውሞ ተነስቶ ነበር። ያቀረቡት እንኳ የሙዚየሙ ጥቁር ባለሙያዎች ናቸው፣ ደመወዝተኞች፤ ቅዳሜ ጠዋት ደርሰው ልብስ የተሰጣቸው ልጆች አይደሉም።

ሸማኔው፦ አፋችሁን ስታስተካክሉ ልብሱን ረሳችሁት። ከኪራይ ቤት የሚመጣው የሠርግ ቀሚስ ለ1900ዎቹ መጀመሪያ አይሆንም። ከደረት እስከ ታች የሚወርደው ባለብዙ ቀለም ጥበብና የሚያብለጨልጨው የፋብሪካ ክር የዛሬ ነው። ለተራው ሰው በእጅ የተፈተለ ጥጥ፣ ጥለቱ ቀጭን ወይም ጭራሹን የሌለው ይሁን። ሰፊ ቀይ ጥለት ያለው ጃኖ የማዕረግ ነው፤ አምሮ ታየኝ ብላችሁ ለእንጨት ፈላጭ እንዳታለብሱት።

ሸማው ሳይሰፋ አንዴ ይታጠብ። የእጅ ፈትል በመጀመሪያው እጥበት ይሰበሰባል፤ ተሰፍቶ ከታጠበ እጅጌው ክንድ ላይ ይቀራል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ጠዋት ትበርዳለች፤ ለልጆቹ አራት ድርብ ጋቢ ካልተዘጋጀ ከውስጥ ጃኬት ደርበው ይመጡና ዚፑ ይታያል። ሰው ሠራሽ ክር ሌላም ጣጣ አለው፦ የከሰል ፍንጣሪ ሲያገኘው ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ጥጥም ይነዳል፣ ግን እንደዚያ አይጣበቅም። እሳት አጠገብ የምትቀመጥ ልጅ ነጠላዋን አደግድጋ ጫፉን ከኋላ ትሰረው።

የቅርስ ክፍል፦ በዚህ ላይ ልጨምር። ከሙዚየም ዕቃ አንድም ነገር ሰውነት ላይ አይውልም፣ «ለፎቶ ብቻ» ቢባልም። ላብ ሐሩን ይበላዋል፣ ናሱን ያዝገዋል፤ ያረጀ ካባ ደግሞ በራሱ ክብደት ትከሻው ላይ ይቀደዳል። ልኩ ተወስዶ አምሳያ ይሠራ። እሳት አዳራሹ ውስጥ አይነድም፤ ቡናው ውጭ ይፈላ፣ ከጎኑ ሁለት ባልዲ አሸዋ ይቀመጥ። ጠመንጃ ካስፈለገ ከእንጨት የተቀረጸ ውጅግራ ይበቃል። እውነተኛው፣ አሮጌም ቢሆን፣ ከመሣሪያ አስተዳደር አዋጁ (1177/2012) ጋር ያጣላችኋል። ተኩስ ማስመሰልማ ጭራሽ አይታሰብ፤ ይህች ከተማ በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ያየች ናት።

አስጎብኚዋ፦ ቡና ካላችሁ ዘመኑን ለዩ። የ1870ው የቦሩ ሜዳ የሃይማኖት ጉባኤ ይታይ ተብሎ ለካህናቱ ስኒ ቢቀርብ ስህተት ነው። ያኔ የደጋው ክርስቲያን ቡናን የሙስሊም መጠጥ ብሎ ይርቀው ነበር፤ እየተለመደ የመጣው በምኒልክ ዘመን ነው። ቡናው ወዳጃ (የወሎ የጋራ ጸሎት) ላይ ይሁን፣ ከነዱዓው።

ሸማኔው፦ የፈትል ቦታ ቢኖር ይሻላል እላለሁ፤ እጅ ሥራ ሲይዝ አፍ ብዙ አይሳሳትም። ፍሬው በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ በብረት ዘንግ ይዳመጣል፣ ጥጡ በደጋን ይነደፋል፣ ባዘቶው በእንዝርት ይፈተላል። ጎብኚው ፍሬ ማውጣቱን ይሞክር፤ እንዝርቱን ግን ለጀማሪ አትስጡ፣ ክሩ እየተበጠሰ ወረፋው ይቆማል። ክረምት ላይ ጥጡ እርጥበት ስለሚይዝ ደጋኑ አይነድፈውም፤ ሌሊት ደረቅ ቤት ይደር።

የቲያትር ልጅ፦ እሺ፣ ንጉሡ ይቅሩ። አጋፋሪውስ? በር ላይ ቆሞ እንግዳ የሚያስገባ፣ ስሙ ያልተመዘገበ። «እኔ» ቢል ማን ይከፋል?

አስጎብኚዋ፦ እሱን እቀበላለሁ። ግን ስም አታውጡለት፣ የሰው አያት ስም ይሆናል። ከጎኑም በዛሬ ልብስ የሚቆም ሰው ይኑር፤ ጥያቄው ወደ ሃይማኖት ወይም ንጉሡ ወደተሸነፉበት የሰገሌ ጦርነት ሲዞር እሱ ይቀበለው። ሁለቱ በየሠላሳ ደቂቃው ይቀያየሩ፣ አለዚያ አጋፋሪው ሰልችቶት ቀልድ ይጀምራል።

የቅርስ ክፍል፦ ትራንስፖርት፣ ምሳና የልብስ አጠባ በጀት ውስጥ ይግባ። በጎ ፈቃድ ማለት ልጁ ከኪሱ ያውጣ ማለት አይደለም።

የቲያትር ልጅ፦ ቀልዱን ግን ለምን ትከለክላላችሁ? አጋፋሪ አይቀልድም ነበር ያለው ማን ነው?