ለጀርመን ፕሮፌሰር ኢሜይል ስጽፍ ምን ብዬ ልጥራቸው?

አዲስ ተጓዥ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ጀርመን ማስተርስ ልጀምር ነው። የፕሮግራሙ አስተባባሪዋ ስም ፊት «ፕሮፌሰር ዶክተር» ተደርድሯል። እዚህ መምህሮቼን «ዶክተር» ብዬ በስማቸው ነው የምጠራው፤ ቀረብ ያሉትን «ዶክ»። ስማቸው አና ሽሚት ነው እንበልና ሁለቱንም ማዕረግ ልጻፍ? «አና» ልበል ወይስ «ሽሚት»?

ሙኒክ ያለሁ፦ እንኳን ደስ ያለሽ። እዚህ ማዕረግ የሚሄደው ከቤተሰብ ስም ጋር ስለሆነ «ፕሮፌሰር አና» እንዳትዪ። በእንግሊዝኛ «ዲር ፕሮፌሰር ሽሚት»፣ በጀርመንኛ «ዜር ጌኤርተ ፍራው ፕሮፌሰር ሽሚት» (የተከበሩ ወይዘሮ ፕሮፌሰር ሽሚት) በይ። ሰላምታ ላይ ትልቁ ማዕረግ ብቻውን ይበቃል፤ ሁለቱ አብረው የሚጻፉት አድራሻ ላይ ነው። እዚህ ማዕረግ ቀልድ አይደለም። ዶክተርነት መታወቂያ ላይ ሳይቀር ይጻፋል፤ ያላገኘውን ማዕረግ የለጠፈ ሰው ደግሞ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 132ሀ መቀጮ ወይም እስከ 1 ዓመት እስር ይጠብቀዋል።

የስቶክሆልሙ፦ እኛ ጋ ስዊድን «ሃይ አና» ብለሽ ብትጽፊ ማንም አይቀየምሽም። በ1967 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) የጤና መሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ብሮር ሬክሴድ ሠራተኞቹን ሁሉ አንተ፣ አንቺ እያለ እንደሚጠራ ተናገረ፤ ከዚያ ወዲህ ልማዱ እየሰፋ ሄዶ አንቱታው ከነማዕረጉ ቀረ። እኔ ግን አማካሪዬን በስሙ ለመጥራት እስካሁን አፌ ይተሳሰራል።

ሙኒክ ያለሁ፦ @የስቶክሆልሙ፣ ልጅቷን እንዳታሳስታት! እዚህ «ዚ» አንቱታ ነው፤ «ዱ» ደግሞ አንተ፣ አንቺ ማለት ነው። «ዱ እንባባል» የሚለው ትልቁ ነው እንጂ ተማሪው አይደለም። «አና» ብለው ብቻ ከፈረሙልሽ ያኔ በስማቸው መጥራት ትችያለሽ። እኔ ብሆን ግን አንድ ሁለት ኢሜይል እታገሣለሁ። አንቺንም በአባትሽ ስም «ፍራው እገሌ» ሲሉሽ አትደንግጪ።

መምህር ነኝ፦ የመመረቂያ ጽሑፍ አማካሪሽን ስትጠቅሺም ተጠንቀቂ። በእኛ ዩኒቨርሲቲዎች ረዳትና ተባባሪ ፕሮፌሰሩ የሚጠሩት «ዶክተር» ተብለው ነው። አሜሪካ ረዳቱም «ፕሮፌሰር» ይባላል። የአሜሪካኑን አይተሽ ለአማካሪሽ ያልደረሱበትን ማዕረግ እንዳትሰጫቸው፤ «ዶክተር እገሌ፣ ተባባሪ ፕሮፌሰር» ብለሽ ጻፊ።

አዲስ ተጓዥ፦ ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። «ዲር ፕሮፌሰር ሽሚት» ብዬ ጀምሬያለሁ። ፊርማዬ ላይ «ሚስ» ብዬ ልጨምር ወይስ ጉራ ይመስላል?

ሙኒክ ያለሁ፦ ጨምሪ። ከስምሽ ሴት መሆንሽን ስለማያውቁ «ሄር» (አቶ) ብለው ይመልሱልሻል።