«አዋላጅ የሐኪሙ እጅ ናት» ያለውን ሰው ሰማችሁት?

የማታ ተረኛ፦
ትናንት በአንድ ውይይት ላይ አንድ የማህፀንና ፅንስ ስፔሻሊስት ስለ እናቶች ሞት ተጠይቆ ምን ቢል ጥሩ ነው? «አዋላጅ የሐኪሙ እጅ ናት፤ ጭንቅላቱ ግን ሌላ ቦታ ነው።» አወያዩም እህ ብሎ አለፈው። እኔ አሥራ አንድ ዓመት አዋልጃለሁ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ የእንግዴ ልጅ አልወጣ ብሎ ደም ሲወርድ ያ ጭንቅላት የት ነው ያለው? ትራሱ ላይ! ሲደወልለትም «ስንት ፈሰሰ?» ብሎ የሚጠይቀው ያችኑ እጅ ነው። እናንተንም አናደዳችሁ ወይስ እኔ ነኝ ሆድ የባሰኝ?

የመንታ እናት፦
አናደደኝ እንጂ! መንታ ስወልድ ከምጡ መጀመሪያ እስከ ማጥባቱ ድረስ ከአጠገቤ ያልራቀችው አዋላጇ ናት። ዶክተሩን ያየሁት ካርድ ላይ ሲፈርም ነው።

ስቴትስኮፕ፦
ውይይቱን እስከ መጨረሻው ሰምቼዋለሁ፤ ቆርጣችሁ ነው የምታወሩት። ቀጥሎ «እጅ የሌለው ጭንቅላት ምን ይፈይዳል» ብሏል። ዘለፋው የቱ ላይ ነው? ሲስተር፣ ማንም ሥራሽን አልናቀም። ግን ሰላም የነበረ ምጥ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ይገለበጣል። ማህፀን ሲተረተር አዋላጅ ማሸት ትችላለች? ቢላ ያስፈልጋል፣ ደም ያስፈልጋል፣ ሰመመን ሰጪ ያስፈልጋል። ሰውየው ያለው ይህንን ነው።

የማታ ተረኛ፦
«እጅ የሌለው ጭንቅላት» ብሎ ጨመረ? ያ ይብሳል እንጂ መች ይሻላል፣ ዶክተር! እጅ አያስብማ። ማህፀኑ ሊተረተር መሆኑን ፓርቶግራፉ (የምጥ መከታተያ ሰንጠረዡ) ላይ ቀድማ አይታ ሪፈር የምታደርገው ማን ናት? እርስዎ ጋ የሚደርሰው ታስቦበት የተላከው ነው። ደግሞ ስሜ ሲስተር አይደለም።

ቁጥር ወዳድ፦
ስለ እጅ ካነሣችሁ አይቀር አንድ ጊዜ ቪየና እንሂድ። በ1840ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በአንድ ሆስፒታል ሁለት የማዋለጃ ክፍሎች ነበሩ፤ አንዱ የሐኪሞችና የተማሪዎቻቸው፣ ሌላው የአዋላጆች። በሐኪሞቹ ክፍል ከወለዱት 10 በመቶ ያህሉ በአራስ ትኩሳት ሲያልቁ በአዋላጆቹ 4 በመቶ ገደማ ነበር። ሴቶቹ ይህን ስለሚያውቁ ወደ ሐኪሞቹ ክፍል አታስገቡን ብለው ያለቅሱ ነበር። እዚያው ሆስፒታል ይሠራ የነበረው ዜመልቫይስ በ1847 እጃችሁን በክሎሪን ታጠቡ እስኪል ድረስ ገዳዩ የማን እጅ እንደነበር እንግዲህ አስቡት።

የመንታ እናት፦
😂😂 እጅ ናት ያለው ሰውዬ ይህን ያንብብ።

ስቴትስኮፕ፦
ግማሽ ታሪክ አትንገረን እንጂ! ዜመልቫይስ ራሱ ሐኪም ነው። የአዋላጆቹ ክፍል የተሻለው ሐኪሞቹና ተማሪዎቹ ሬሳ ከፍተው ሳይታጠቡ ወደ ማዋለጃ ስለሚመጡ ነው፤ ተማሪ አዋላጆቹ ሬሳ ክፍል አይገቡም ነበር። የበለጠ አስበው አይደለም። የዛሬውን ክርክር ከ170 ዓመት በፊት በነበረ ቆሻሻ እጅ ልትረታ ነው?

ቁጥር ወዳድ፦
እሺ፣ ወደ ዛሬ እንምጣ። በ2020 ላንሴት ግሎባል ሄልዝ በሚባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣውን ጥናት ላስታውስህ፤ 88 አገሮች ተካተዋል። አዋላጆች የሚሰጡት አገልግሎት በ2035 ለሁሉም ቢዳረስ የእናቶች ሞት በ67 በመቶ፣ የጨቅላ ሕፃናት ሞት በ64 በመቶ ይቀንሳል፤ ሞተው የሚወለዱት ደግሞ በ65 በመቶ ይቀንሳሉ። የትኛው እጅ ነው ይህን የሚሠራው?

ስቴትስኮፕ፦
«ቢዳረስ»! ያቺን «ቢ» አያችኋት? ያ በሞዴል የተሰላ ግምት ነው፤ ሰው ተቆጥሮ የመጣ ውጤት አይደለም። አዋላጇ በደንብ ብትሠለጥን፣ መድኃኒቱ ቢሟላ፣ ሪፈራሉ ቢሠራ... ቢ፣ ቢ፣ ቢ። የቤተሰብ ምጣኔም ተደምሮበታል። ያልተፀነሰ አይሞት!

የማታ ተረኛ፦
እና የቤተሰብ ምጣኔውን የሚሰጠው ማን ሆነና? እርስዎ ክንድ ላይ ኢምፕላንት ሲቀብሩ አይቼ አላውቅም።
«ቢ» ካስጠላዎ በ«ቢ» ያልተሠራ ልስጥዎት። በ2023 የወጣው የኢ-ሞቲቭ ጥናት በኬንያ፣ በናይጄሪያ፣ በደቡብ አፍሪካና በታንዛኒያ በ80 ሆስፒታሎች ተሠራ። ከወሊድ በኋላ የሚፈሰው ደም በዓይን ግምት መሆኑ ቀረና መለኪያ መስመር ያለው ፕላስቲክ ከእናትየው ሥር ተነጠፈ። መስመሩን ሲነካ ማህፀን ማሸት፣ ኦክሲቶሲን (ማህፀን የሚያኮማትር መድኃኒት)፣ ትራኔክሳሚክ አሲድ (ደም የሚያረጋ መድኃኒት)፣ በደም ሥር ፈሳሽ፣ ምርመራ፤ ሁሉም ባንድ ጊዜ እንጂ ይህ አልሠራም ያኛው ይሞከር እየተባለ አይደለም። በተለመደው አሠራር ከሚደሙት ግማሽ ያህሉ ብቻ ነበሩ በጊዜ የሚታወቁት፤ በአዲሱ 93 በመቶ። ከባድ መድማት፣ በደም ምክንያት ሆድ መከፈትና ሞት ተደምረው በ60 በመቶ ቀነሱ። ይህን ሁሉ የሚሠራው አልጋው አጠገብ የቆመ ሰው ነው።

ስቴትስኮፕ፦
ድንቅ ጥናት ነው፤ እኔም አስተምረዋለሁ። የመጨረሻው እርምጃ ግን ምን ይላል? «ደሙ ካልቆመ ሰው ጥሩ» ነው። ማንን? 🙂

የማታ ተረኛ፦
እንጠራለን እኮ! አንጠራም ያለ አለ? ጭንቅላት የለሽም አትበሉኝ ነው ያልኩት።

ጠርጣሪው፦
እኔ ሐኪምም አዋላጅም አይደለሁም፤ ግን ሁላችሁም ዝም ያላችሁት አለ። እንግሊዝ ውስጥ ስለ ሞርካም ቤይ ሆስፒታሎች የተደረገው ምርመራ በ2015 (እ.ኤ.አ.) ሲወጣ 11 ሕፃናትና 1 እናት መትረፍ ሲችሉ ሞተዋል አለ። አንዱ ምክንያት አዋላጆቹ «በማንኛውም ዋጋ» በተፈጥሮ መንገድ ትውለድ ማለታቸው ነው። ማኅበራቸውም በ2017 የተፈጥሮ ወሊድ ዘመቻውን ተወው። ታዲያ እዚያ ያስበው የነበረው ጭንቅላት የማን ነበር?

ስቴትስኮፕ፦
አሁን ተናገርክ።

የማታ ተረኛ፦
ቆይ፣ ያንኑ ሪፖርት ጨርሰው እንጂ ጠርጣሪ! አዋላጆቹ፣ የማህፀን ሐኪሞቹና የሕፃናት ሐኪሞቹ እርስ በርስ ተኳርፈው እንደነበርም ጽፏል። ሐኪሞቹን ነፃ አላደረገም። እዚያ የነበሩት ሴቶች ያጠፉትን አጥፍተዋል፤ አልከላከልላቸውም። ግን አንዱ «ጭንቅላቱ እኔ ነኝ» ሌላው «ምጡ የኔ ነው» ሲል የሚሆነው ያ ነው።

ጠርጣሪው፦
«ያጠፉትን አጥፍተዋል» ብሎ ነገር! 11 ሕፃናት እኮ ናቸው።

የመንታ እናት፦
ጠርጣሪ፣ አንተ አምጠህ ታውቃለህ? 🙄

ጠርጣሪው፦
ያላማጠ አይናገር ከተባለ ስቴትስኮፕም ዝም ይበል።

ቁጥር ወዳድ፦
ሌላው መረጃ ይኸው፤ ቀጣይነት ባለው የአዋላጅ ክትትል ላይ የኮክሬን ግምገማ (ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የሚመዝን) አለ። ያው አዋላጅ ወይም ጥቂት አዋላጆች ከእርግዝና እስከ አራስነት ሲከታተሉ ኦፕራሲዮን ይቀንሳል፣ በመሣሪያ ጎትቶ ማዋለድ ይቀንሳል፣ ያለጊዜው መውለድም በ24 በመቶ...

ስቴትስኮፕ፦
አቁም! ያቺ 24 የ2016ቱ ናት። በ2024 ሲታደስ ያለጊዜው መውለድ ላይ ያለው ለውጥ እርግጠኛ አይደለም ተብሏል። ጥናቶቹም አብዛኞቹ በሀብታም አገሮች የተሠሩ ናቸው። አሮጌ ቁጥር ይዞ መከራከር ከአንድ ቁጥር ወዳድ አይጠበቅም።

ቁጥር ወዳድ፦
እሺ፣ 24ን ውሰዳት። ኦፕራሲዮኑስ? የታደሰውም ቀንሷል ነው የሚለው። በዓለም ከአምስት እናቶች ከአንዷ በላይ በኦፕራሲዮን በሚወልዱበት ዘመን ይህ ትንሽ ነገር ነው?

ስቴትስኮፕ፦
ኦፕራሲዮን አጥታ የምትቀረዋስ? ለአንዷ ያለምክንያት ይቀደዳል፣ ለሌላዋ ቀዳጅ ጠፍቶ ትሞታለች። ኦፕራሲዮን ቀነሰ ማለት ሁልጊዜ እሰይ አይባልም።

ባለ ጓንቱ፦
ይቅርታ፣ ከላይ ጀምሬ አነበብኩ። አዋላጅ «ናት»፣ «እሷ»፣ «ሲስተር»... እኔ ወንድ አዋላጅ ነኝ፤ ስድስት ዓመቴ። በዶክተሩ አባባል እጅ እንኳ አልሆንኩም።

የመንታ እናት፦
😂😂😂

ጠርጣሪው፦
ወንድ ያዋልዳል እንዴ? ሚስቴ አትፈቅድም።

ባለ ጓንቱ፦
ስቴትስኮፕ ወንድ አይደለም? እሱ ሲሆን ትፈቅዳለች?

ጠርጣሪው፦
እሱ ሐኪም ነው ባክህ።

የማታ ተረኛ፦
አያችሁት? አያችሁት አይደል?! ከጠዋት ጀምሮ የምጮኸው ስለዚህ ነው።

ስቴትስኮፕ፦
ይኼ የኔ ቃል አይደለም፤ በኔ አታሳብቡ። ሲስተር፣ ማለቴ... የማታ ተረኛ፣ ነገ ሌሊት ብትደውይልኝ ተነሥቼ እመጣለሁ። ከዚህ በላይ ምን ልበል?

የማታ ተረኛ፦
«ስንት ፈሰሰ?» ብለው ሳይጠይቁ?

ስቴትስኮፕ፦
እሱንማ እጠይቃለሁ።