እናቴን ይዤ አዲስ አበባ ልሄድ ነው፣ የት የት ላዙራት?

የቦርከና ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ የወሎ ልጆች። ጥር መጨረሻ ላይ አዲስ አበባ የዘመድ ሰርግ አለብን እና ከኮምቦልቻ እናቴን ይዣት ልሄድ ነው። እድሜ ልኳን ከደሴና ከባቲ ገበያ ወዲያ አታውቅም፣ አሁን ግን ሰርጉን ሰበብ አርጋ «አንዋር መስጊድን ሳላይማ አልመለስም» ብላ ድርቅ ብላለች። ከሰርጉ በፊት ሁለት ሶስት ቀን እናገኛለን። እኔም ከተማዋን የማውቃት ድሮ ተማሪ ሆኜ ነው፣ አሁን ፈርሳ ተሰርታለች ይላሉ፣ ፒያሳ የለችም ይላሉ፣ ምኑን ልመን። ጉልበቷን ያማታል ብዙ ደረጃ አትችልም፣ ትንሽ ግፊትም አለባት፣ ከፍታው ይከብዳት ይሆን? ደግሞ የሙስሊም ስጋ ካልሆነ አትነካም። በባስ ነው የምንሄደው፣ አውሮፕላን እንዳልል የሰርጉን ስጦታ እንኳን ገና አልገዛንም።

የጦሳ ነፋስ፦
አብሽሪ፣ ከተማዋ ምንም አትላቸውም። ደሴ እኮ ወደ 2,500 ሜትር ናት፣ አዲስ አበባ 2,350 ገደማ፣ እናታችን ደሴ ዘመድ ጥየቃ ወጥተው ምንም ካልሆኑ እዛም ምንም አይሆኑም። የደሴ ልጅ ሆኖ «አዲስ አበባ ከፍታው ከበደኝ» የሚል ሰው ሳይ ራሱ ይገርመኛል።

የሚያስቸግረው መንገዱ ነው። ሸዋ ሮቢት ላይ ሙቀቱ ያቀልጥሻል፣ ከዛ ብዙም ሳትቆዪ ደብረ ሲናን አልፈሽ ጣርማበር ዋሻ ጋ ስትደርሺ ከ3,000 ሜትር በላይ ነሽ። ጆሮ ይደፍናል፣ ራስ ይከብዳል፣ ሮቢት ላይ «መስኮት ክፈቱልን» እያለ ሲጮህ የነበረው ሰውዬ እዛ ሲደርስ «ኧረ ዝጉት ብርድ ገደለን» ብሎ ከረዳቱ ጋር ይጣላል። ስለዚህ ጋቢያቸው ሻንጣ ውስጥ ገብቶ ባሱ ሆድ እንዳይጫን፣ እጅሽ ላይ ይሁን። የግፊት መድኃኒታቸውም እንደዛው፣ ከመነሳታችሁ በፊት ሐኪማቸውን ብታማክሪ ደስ ይለኛል። መንገዱ ሰላም መሆኑን ደግሞ ማታውኑ ከሹፌሮች አጣሪ፣ ይሄን እንኳን ላንቺ አልነግርሽም።

ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ግዥላቸው።

ላምበረት ሰፈር፦
እኔ ወልዲያ ተወልጄ እዚሁ አዲስ አበባ ነው የምኖረው። ባሱ ላምበረት መናኸሪያ ነው የሚያወርዳችሁ፣ አንዳንዱ ወደ መሀል ከተማ ስለሚገባ ትኬት ስትቆርጪ ጠይቂ። በሩ ላይ ሻንጣ ቀምተው «ታክሲ ታክሲ» የሚሉትን እሺ አትበያቸው፣ ወጣ ብለሽ ራይድ ወይ ፈረስ የሚባሉትን በስልክ የሚጠሩ ታክሲዎች ጥሪ፣ ዋጋው ስልክሽ ላይ ይመጣል። ሚኒባስ በሰዓቱ ሰልፍ አለው ለማዘር አይሆንም፣ ባቡሩም ሲጨናነቅ መቆሚያ የለውም።

ፒያሳ አለች፣ ግን ድሮ «ከዛች ኬክ ቤት ወደ ግራ» እያልሽ የምትሄጂበት አቅጣጫ አይሰራም። ዶሮ ማነቂያ ፈርሷል፣ መንገዱ ሰፍቷል። ማዘጋጃ ቤቱ ፊት ለፊት በ2016 የካቲት ላይ የተከፈተው የዓድዋ ሙዚየም አለ፣ እኔን ብትሰሚኝ መጀመሪያ እዛ ውሰጃቸው። ሰው ሁሉ ስለ ህንፃው ነው የሚያወራው፣ እኔ ግን የምልሽ የወሎ ሰው እዛ ሲገባ የሰፈሩን ስም ነው የሚሰማው። ጠቡን ያመጣው ውል በ1881 የተፈረመው ውጫሌ ነው፣ ይኸው ከሐይቅ ትንሽ አለፍ ብሎ። ምኒልክ የክተት አዋጁን ሲያስነግሩ ደግሞ የሸዋን ሰው «ወረኢሉ ከተህ ላግኝህ» ነው ያሉት። ራስ ሚካኤል (ኋላ ንጉሥ የሆኑት) የወሎን ፈረሰኛ ይዘው ነው ዓድዋ የወረዱት። ይሄን መንገድ ላይ ንገሪያቸውና ከዛ አስገቢያቸው፣ ዝም ብሎ መድፍና ሀውልት ከማየት ይለያል።

በሌላው ቀን አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም። ድንቅነሽ ከኛ ሰፈር ብዙም አትርቅም፣ ባቲን ወርደሽ አፋር ውስጥ ሐዳር ነው በ1967 ህዳር ላይ የተገኘችው፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ነው እድሜዋ። የምታዪው ቅጂዋን ነው፣ እውነተኛው አጥንት ለብቻ ነው የሚጠበቀው። ታችኛው ክፍል ነው ያለችው ስለዚህ ትንሽ ደረጃ አለ፣ ቀስ ብላችሁ ውረዱ። ስድስት ኪሎ ግቢ ያለው ሙዚየም፣ የጃንሆይ ቤተ መንግሥት የነበረው፣ ለኔ ከሁሉም ይበልጣል፣ መኝታ ቤታቸው ሳይቀር አለ፣ ግን ፎቅ ነው ለጉልበት አይሆንም፣ አንቺ ለብቻሽ ግቢ። በእግር ከሄዳችሁ ከስድስት ኪሎ ጀምራችሁ ወደ አራት ኪሎ ውረዱ እንጂ በተቃራኒው እንዳታደርጉት፣ ቁልቁለት ነው።

የመርካቶዋ፦
ወንድሜ አክብሬህ ነው ግን ለማዘር ሙዚየም በሙዚየም ምን ያረግላቸዋል! ሴትዮዋ እኮ አንዋር ብለዋል በቃ አንዋር ነው። እህቴ ስሚኝ፣ ጁምዓ አትሂጂ፣ ሰዉ መስጊዱን ሞልቶ አስፋልቱ ላይ ነው ምንጣፍ አንጥፎ የሚሰግደው፣ ማዘር መቀመጫም አያገኙም። ሰኞ ወይ ማክሰኞ ዙህር (የቀትር ሶላት) አካባቢ ብትሄዱ ረጋ ብለው ሰግደው፣ አረፍ ብለው፣ ዱዓቸውን አድርገው ይወጣሉ። ወጣ ሲሉ ራጉኤል ቤተክርስቲያንን አጠገቡ ያዩታል፣ ለወሎ ሰው ይሄ ብርቅ አይደለም፣ እዚህ ያለው ሰው ግን ፎቶ ያነሳዋል ሃሃ።

ምግብ አታስቢ፣ አንዋር ዙሪያ ያለው ምግብ ቤት አብዛኛው የሙስሊም ነው፣ ፒያሳ ከሆናችሁ ደግሞ ኑር መስጊድ አካባቢ በኒን ሰፈር ታገኛላችሁ። ሰርግ ቤቱ ላይ ግን ቀድመሽ ደውለሽ የሙስሊም እርድ መኖሩን አረጋግጪ፣ እዛ ሄዶ ከማፈር።

ስጦታውንም እዚሁ ግዢ ከኮምቦልቻ ተሸክመሽ እንዳትመጪ። መርካቶ እቃው በተራ ነው፣ የምትፈልጊውን ተራ ስም ጠይቀሽ ቀጥ በይ፣ ዝም ብለሽ ከዞርሽ ግማሽ ቀን ያልቃል የማዘርም ጉልበት ያልቃል። ቅዳሜ ግፊያ ነው፣ እሁድ ደግሞ አብዛኛው ዝግ ነው። ብሩን በቴሌብር ያዢው፣ ስልክሽን ግን ከደረትሽ አታርቂ። አንዱ ትከሻሽን ነካ አርጎ «እህት ልብስሽ ተበላሽቷል» ካለሽ ዞር እንዳትይ፣ ሌላው ነው ከወዲህ በኩል ቦርሳሽን የሚከፍተው።

የቦርከና ልጅ፦
አላህ ይስጣችሁ። ለእማዬ ስለ ድንቅነሽ ስነግራት «አጥንት ለማየት ነው እንዴ ብር የምንከፍለው» አለችኝ። ወረኢሉን ስጠራላት ግን የአባቷ አገር ነውና ጆሮዋን አቆመች። እንጦጦስ? ልጆቹ ሁሉ እዛ የተነሱትን ፎቶ ነው የሚልኩልኝ።

የጦሳ ነፋስ፦
እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ የጥር ጠዋት ብርዱ ሌላ ነው፣ ረፋድ ላይ ውጡ። መኪና በደንብ ያስገባል፣ ከላይ ከተማዋን አይተው ቡና ጠጥተው ይውረዱ፣ ውስጥ ለውስጥ የእግር መንገዱን ተዉት። ጊዜ ካጠራችሁ ግን እንጦጦን ሰርዣት፣ ጦሳ ስር ላደገ ሰው ተራራ ምን ይገርመዋል።

ላምበረት ሰፈር፦
ከእንጦጦ አንድነት ፓርክ ይሻላቸዋል፣ የምኒልክ ግቢ ነው፣ የግብር አዳራሹ አለ፣ ጥቁር ጎፈር አንበሳም አለ። መታወቂያ ያዙ፣ ሻንጣና ትልቅ ቦርሳ ይዛችሁ አትሂዱ ፍተሻው ላይ ትጉላላላችሁ። የመርካቶዋ፣ አንዋርን ማን ተው አለ፣ እኔ እኮ ዓድዋን ጨምሪ ነው ያልኩት።

የመርካቶዋ፦
እሺ ጨምሩ፣ ግን ከዙህር በኋላ።