ሥራ እየሸሸሁ መጸለይ ይቻላል?

ነገ እጀምራለሁ
ሰላም ለሁላችሁ። የማስረክበው ሪፖርት አለ፣ ቀኑ ደርሷል። ላፕቶፑን ከፍቼ ሁለት መስመር ሳልጽፍ እጄ ስልኬ ላይ ነው። ቴሌግራም፣ ከዛ ዩቲዩብ፣ ከዛ ምንም ሳይርበኝ ፍሪጅ መክፈት። እና ሐሳቤ በተበተነ ቁጥር ስልኩን ትቼ ወደ እግዚአብሔር ብዞርስ ብዬ አሰብኩ። ግን ጸሎቱ ራሱ ሌላ መሸሻ እንዳይሆንብኝ ፈራሁ። በዛ ላይ ጊዜዬን ሳባክን ውዬ እሱ ፊት መቆም ያሳፍራል። እናንተስ?

ብራና
ነህምያ ምዕራፍ 2ን እይው። ንጉሥ አርጤክስስ ነህምያን "ምን ትፈልጋለህ?" ይለዋል፣ እሱ ወደ ሰማይ አምላክ ይጸልይና ለንጉሡ ይመልሳል። በጥያቄውና በመልሱ መሀል እኮ ነው! ንጉሥ ቆሞ አይጠብቅም፣ ስለዚህ ቢበዛ አንድ ዓረፍተ ነገር ቢሆን ነው። አንቺም "ጌታ ሆይ እርዳኝ" በይና ወደ ጽሑፍሽ ተመለሺ። ከዛ ከረዘመ መሸሻ እየሆነ ነው።

ዝምተኛው
ብራና ልክ ነህ፣ ግን ምዕራፍ 1ን ዘለልከው 🙂 ሰውዬው ከዚያ በፊት ሲጾምና ሲጸልይ ነበር የከረመው። አጭሯ ጸሎት የመጣችው ከረጅሙ ነው።

ለማንኛውም ችግሩ ያንቺ ብቻ አይደለም። በ4ኛው መቶ ዘመን በግብፅ በረሃ የኖረው መነኩሴ ኢቫግሪዮስ ስለ ስልቹነት ሲጽፍ፣ የተሰላቸ መነኩሴ ፀሐይዋ የቆመች ይመስለዋል፣ ቀኑ 50 ሰዓት ይሆንበታል፣ ዓይኑ መስኮቱ ላይ ይተከላል ይላል። ስልክ በሌለበት ዘመን! አባ እንጦንስም በዚሁ ስልቹነት ተይዞ ሳለ የታየው ነገር ይነገራል፦ እሱን የሚመስል ሰው ቁጭ ብሎ ገመድ ይጎነጉናል፣ ይነሣና ይጸልያል፣ ደግሞ ቁጭ ብሎ ይጎነጉናል። መልአክ ነበር፤ "እንዲህ አድርግ ትድናለህ" አለው። ልብ በይ፣ ገመዱን ተወው አላለውም።

ቡና አፍቃሪ
እኔ ትንሽ ልጠንክር። ብዙ ጊዜ የምንሸሸው ሥራውን ሳይሆን ሥራው የሚያመጣብንን ስሜት ነው፤ ፍርሃት፣ መሰላቸት፣ "አይሆንልኝም" የሚለውን። ስለዚህ በደፈናው "እርዳኝ" ከማለት የፈራሽውን በስሙ ጠርተሽ ንገሪው። ስልኩን ደግሞ ሌላ ክፍል አስቀምጪው፣ መልአክ መጥቶ እስኪቀማሽ አትጠብቂ።

ነገ እጀምራለሁ
ቡና አፍቃሪ ነካኸኝ 😅 ሁሌ የምቆመው አንድ ቦታ ላይ ነው፣ ቁጥሮቹ የማይገጥሙበት ክፍል። አለቃዬ ምን ይለኛል የሚለው ነው መሰለኝ። ስልኩን ለእህቴ ሰጠኋት፣ ይሄን የምጽፈው ከላፕቶፑ ነው። ግን የኀፍረቱን ነገር ማንም አልመለሰልኝም።

ዝምተኛው
ሉቃስ 15። ጠፍቶ የነበረው ልጅ የሚለውን ሁሉ አዘጋጅቶ ነው የመጣው፣ "ከሞያተኞችህ እንደ አንዱ አድርገኝ" የምትለዋን ጭምር። ቤት ሲደርስ ግን እሷን አላላትም፤ አባትየው ገና ከሩቅ ሲያየው ሮጦ አንገቱን አቅፎት ነበር፣ ወዲያው ስለ ልብሱና ስለ ጫማው ማዘዝ ጀመረ። አንቺ ገና ምን ብዬ ልቅረብ እያልሽ ነው።

ቡና አፍቃሪ
አሜን። እና ቁጥሮቹስ? ውጪ ከዚህ 😄