ለቅልቅል ማታ ቮድካ በምን ላቅርብ? ጎንደር ያላችሁ እርዱኝ

ጥያቄ፦ የአዘዞዋ

ሰላም ቤተሰቦች። የእህቴ ቅልቅል የሚቀጥለው እሑድ ማታ ነው። አዘዞ፣ እቤታችን ግቢ ውስጥ። 30 ሰው ይመጣል ብለን አስበናል። ጠላውን እናቴ ጠንስሳለች፣ ቢራም ይኖራል። የቀረው የመጠጥ ነገር ግን እኔ ላይ ወደቀ። የአጎታችን ልጅ ከአዲስ አበባ ሲመጣ 3 ጠርሙስ ቮድካ ይዞ መጣ። እያንዳንዱ 750 ሚሊ ሊትር ነው፣ 40 በመቶ ይላል። እናቴ ደግሞ ዳግም አረቄ አስቀምጣለች።

ጭንቀቴ ይኸውላችሁ። እኔ ቮድካ አልወድም። አንዴ ስቀምሰው መርፌ ከመወጋቴ በፊት ክንዴን የሚያሹበትን አልኮል አስታወሰኝ። ትናንት በስፕራይት ሞከርኩት፤ ላዩ ስኳር ስኳር ይላል፣ ሲወርድ ያው ያቃጥላል። እንግዳ ፊት እንዲህ ያለ ነገር ማቅረብ አልፈልግም። በምን ላጣፍጠው? ለአንድ ሰው ስንት ይበቃል? ከእናቴ አረቄ ጋር ብቀላቅለውስ? የማይጠጡ ጎረቤቶችም አሉን፣ እነሱም ባዶ ብርጭቆ ይዘው እንዳይቀመጡ። እዚሁ ገበያ ከሚገኝ ነገር ንገሩኝ።

መልስ፦ ባለ ባንኮኒ

እህቴ፣ ፒያሳ ባንኮኒ ኋላ ቆሜ 9 ዓመት ቀድቻለሁ። ያቃጠለሽ ቮድካው ብቻ አይደለም፣ ስፕራይቱም ነው። ቮድካ የራሱ ጣዕም ብዙም የለውም። ሲሠራ ደጋግሞ ተጣርቶ የእህሉ ጠረን ስለሚወጣለት የምትጨምሪበትን ነገር ነው የሚመስለው። ስኳር ብቻ ስትሰጪው የሚይዘው ነገር አያገኝም። ኮምጣጣና የሚያሞቅ ነገር ስጪው።

እኔ ለራሴ ቤት የማደርገውን ልንገርሽ። የአውራ ጣት ተኩል የሚያህል ዝንጅብል ልጪና በስሱ ቁረጪ። አንዱን ጠርሙስ ቮድካ በንጹሕ ማሰሮ ወይም ሰፊ አፍ ባለው ጠርሙስ ገልብጠሽ ዝንጅብሉን ጨምሪበት። ክደኚና ፀሐይ የማያገኘው ቦታ 2 ቀን አስቀምጪ። ከዚያ በነጭ ጨርቅ አጥልይው። ቀለሙ ትንሽ ወደ ገለባ ይሄዳል፣ ሽታው ደግሞ ክዳኑን ሲከፍቱት ቤቱን ይሞላል።

ማሩን እንዳለ ብርጭቆ ውስጥ እንዳትጨምሪው። ቀዝቃዛ ነገር ውስጥ ሥር ላይ ተጣብቆ ይቀራል። አንድ ማንኪያ ማር ከአንድ ማንኪያ ለብ ያለ ውሃ ጋር አሟሚና ያ ይቀዝቅዝ።

ስትቀጂ፦ 40 ሚሊ የዝንጅብል ቮድካ፣ 20 ሚሊ የሎሚ ጭማቂ፣ 20 ሚሊ የማር ውሃ። በረዶ ጨምሪና በአምቦ ውሃ ሙይው። ሎሚው ትንሹ የአገራችን ሎሚ ይሁን፣ ኃይለኛ ነው። ጭማቂውን በዋዜማው አትጭመቂ፣ ያድራል፤ ያደረ ሎሚ ይመራል።

አንድ ነገር ልጨምር። ኡዞ፣ ያ አኒስ የሚባል ቅመም ያለበት መጠጥ፣ ካለሽ ውሃ ሲነካው ነጭ ቢሆን አትደንግጪ። ውስጡ ያለው የአኒስ ዘይት ነው፣ አልተበላሸም። ሽታው ወደ እንስላል ስለሚሄድ ግን ከማር ጋር አይስማማም። እኔ ኡዞ በበረዶና በውሃ ብቻ ነው የምወደው።

መልስ፦ የኪየቩ

ልጄ፣ እኔ ከአዛውንቶቹ ወገን ነኝ። በሶቪየት ዘመን ኪየቭ ተምሬ ነው የመጣሁት። እዚያ ቮድካን በምንም አይቀላቅሉትም ነበር። ማቀዝቀዣ ውስጥ፣ በረዶ ከሚሠራበት ክፍል ያስቀምጡታል። 40 በመቶ ስለሆነ አይረጋም፣ ወፈር ብሎ እንደ ዘይት ይወርዳል። በጣም ሲቀዘቅዝ ያ የምትይው የመርፌ አልኮል ሽታ ይጠፋል። በትንሽ ብርጭቆ አንዴ ይጠጣል፣ ወዲያው በሆምጣጤና በጨው የተቀመጠ ኪያር፣ ጥቁር ዳቦ ወይም ጨው ያለው ዓሣ ይከተላል። ያለ ምግብ መጠጣት እዚያ ነውር ነበር። ይህን አሁንም አልተውኩትም። እኔ ጥብስ ሳይመጣ መለኪያ አላነሣም።

ስለዚህ አንዱን ጠርሙስ እንዳለ ለእንደኔ ዓይነቱ ተይልን። ከጎኑ ቃሪያ ስንግና ቆሎ አስቀምጪ።

መልስ፦ ባለ ጋን

እታለም፣ አደራሽን፣ የእናትሽን ዳግም ከቮድካ ጋር እንዳትቀላቅይው። ልቤን አሳመመኝ።

አረቄ ስንት ልፋት እንዳለው ታውቂያለሽ። ጌሾ ቅጠል ይወቀጣል፣ ብቅሉ ይፈጫል፣ ዳጉሳው ይጋገራል፣ ይደፈደፋል፣ ቀን ይቆጠርለታል። ከዚያ ጥዶ እንፋሎቱን በመቃ እያሳለፉ፣ ውሃ ውስጥ የተነከረው ዕቃ ላይ ጠብ ጠብ ሲል መጠበቅ ነው። ውሃው ሲሞቅ መለወጥ፣ ሊጡ የተለጠፈበት አፍ ሲተነፍስ መልሶ መምረግ። አንዴ የወጣው ተራ ይባላል። ያንኑ መልሰው ሲያወጡት ነው ዳግም የሚሆነው። እኔ እናቴ አጠገብ ቁጭ ብዬ እሳቱን እየቀነስኩ ያደግሁ ነኝ። እሳት ከበዛ አረቄው ይጨሳል፣ የጨሰ አረቄ ደግሞ ምንም ብታደርጊው አይድንም።

ያ ሁሉ ልፋት የሚያመጣው ጠረኑን ነው። ቮድካ ደግሞ ጠረን አልባ ነው። ሁለቱን ስትቀላቅይ ጠረኑ ግማሽ ይሆናል፣ ማስከሩ ግን አይቀንስም። ለትልልቆቹ በመለኪያ እንዳለ ስጪ። ማጣፈጥ ካማረሽ ማር አረቄ አድርጊው፦ ለአንድ ጠርሙስ 3 ማንኪያ ነጭ ማር፣ ቀስ እያልሽ እያወዛወዝሽ፣ አንድ ሳምንት ማስቀመጥ። ለእሑድ ይደርሳል፣ ዛሬውኑ ጀምሪ።

ለማይጠጡት ብርዝ በጥብጪ። ግን በዚያው ቀን ጠዋት ይሁን። ጌሾ ባይገባበትም ብርዝ በሙቀት ሲያድር መፍላት ይጀምራል፣ ያን ጊዜ ለሙስሊም ጎረቤት አይሆንም። ዕቃውም ጠጅ ያልነካው ይሁን።

መልስ፦ ነርሷ

ስለ መጠኑ ልመልስ፣ ማንም በቁጥር አልነገረሽም። 330 ሚሊ ቢራ 5 በመቶ ቢሆን ውስጡ 16 ሚሊ ተኩል አልኮል አለ። 40 ሚሊ ቮድካ ውስጥ 16 ሚሊ አለ። ስለዚህ አንድ ብርጭቆ ቅልቅል ማለት አንድ ጠርሙስ ቢራ ማለት ነው፤ ማርና ሎሚው ግን ይህን ያስረሳል። 3 ጠርሙስሽ 2250 ሚሊ ነው፣ ወደ 56 ብርጭቆ ይወጣዋል። ቢራና ጠላ እያለ ለ30 ሰው ይበቃል። በዓይን ግምት አትቅጂ፣ መለኪያ ያዢ። ዳግም አረቄም ብዙ ጊዜ ከ40 በመቶ አያንስም፣ ለቀጂዎቹ ንገሪያቸው።

ጠርሙስ ካለቀባችሁ ምልክት የሌለው መጠጥ ከመንገድ እንዳታስገዙ። ክብሪት ጭረው ሰማያዊ ነበልባል ካዩ ንጹሕ ነው የሚሉ አሉ። ሜታኖልም እኮ ይነድዳል። በጣዕምም አይለይም። ጠጥቶ ያደረ ሰው ዓይኑ ቢደበዝዝ፣ ቢያስመልሰው፣ ትንፋሹ ቢፈጥን ስካር ነው ብላችሁ አታስተኙት፣ ሆስፒታል አድርሱት። አንድ ምሽት ተረኛ ሆኜ አይቼዋለሁ፣ ልጁ ዘግይቶ ነበር የመጣው። ሜትሮኒዳዞል እየወሰደ ያለ እንግዳም አይጠጣ። ከ21 ዓመት በታች ላሉትም ብርዙን።

መልስ፦ የቡና ልጅ

ቡና ከተፈላ በኋላ የሚቀርብ ብትፈልጊ፦ አንድ እፍኝ የተቆላ ቡና፣ ሳይወቀጥ፣ ግማሽ ጠርሙስ ቮድካ ውስጥ አንድ ሌሊት። ከዚያ በላይ ከቆየ ይመራል። አጥልለሽ ትንሽ የስኳር ውሃ ጨምሪ። በቃ።

የአዘዞዋ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዝንጅብሉን በነገራችሁኝ ማግስት ነከርኩት፣ ዛሬ ማታ አጠለልኩት። ከእህቴና ከሚዜዋ ጋር ቀመስነው። እኔ 20 ሚሊ ሎሚ በዛብኝና ማሩን ወደ 25 ከፍ አደረግሁት። ቮድካ ጠጥቼ ፊቴ ሳይኮማተር ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ጉሮሮዬን ያሞቀኝ ዝንጅብሉ ነው፣ ያ መርፌ መርፌ የሚለው ሽታ የለም። ሚዜዋ የቡናውን መረጠች። እናቴ ከሁለቱም አንዳንድ ፉት አለችና «ደግ ነው» ብላ ወደ ዳግሟ ተመለሰች።

የወሰንኩት እንዲህ ነው። አንድ ተኩል ጠርሙስ በዝንጅብል፣ ግማሽ በቡና፣ አንዱ እንዳለ በረዶ ቤት ውስጥ ለአባቶች። ጋሼ፣ ቃሪያ ስንጉ አይቀርም። የእናቴን ዳግም ማንም አይነካብኝም፣ ከአንዱ ጠርሙስ በቀር። እሱን ማር ጨምሬበታለሁ። መብራት ቢጠፋ ብዬ በረዶውን ከሰፈር ሱቅ ቅዳሜ አዝዣለሁ። ለዝንጅብሉ 30 ሎሚ ይበቃኛል?

ባለ ባንኮኒ

ከአንድ ተኩል ጠርሙስ 28 ብርጭቆ ይወጣል፣ 560 ሚሊ ጭማቂ ያስፈልግሻል። ከአንድ ሎሚ 20 ሚሊ ካወጣሽ 28 ይበቃል፣ ግን ደረቅ ሎሚ አይጠፋም፤ 40 ግዢ። ቅዳሜ ገበያ በጠዋት ውረጂ፣ ቆዳው ስስና ለስላሳ የሆነውን ለይ። ከመጭመቅሽ በፊት ለብ ያለ ውሃ ውስጥ 10 ደቂቃ አስቀምጪና ጠረጴዛ ላይ በመዳፍሽ አንከባልይው። ጭማቂው ይበረክታል።