ለወታደር ማቀዝቀዣ ሰደርያ እየሠራሁ ነው፣ ፀሐይ ላይ ግን አልሠራ አለኝ

የቆላ_ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁም። የመካኒካል ምህንድስና የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነኝ። ለመመረቂያ የመረጥኩት በበረሃ ለሚሠራ ወታደር የሚለበስ ማቀዝቀዣ ነው። ታላቅ ወንድሜ አፋር ውስጥ ግዳጅ ላይ እያለ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጥይት መከላከያውን እንደለበሰ ተዝለፍልፎ ወደቀ። ጓደኞቹ ጥላ ስር ጎትተው፣ ልብሱን አውልቀው፣ ውሃ እያፈሰሱበት አተረፉት። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ።

የሠራሁት እንዲህ ነው። ሁለት 12706 ፔልቲየር (ኤሌክትሪክ ሲያገኝ አንዱ ጎኑ የሚቀዘቅዝ፣ ሌላው የሚሞቅ ስስ ሰሌዳ) ጀርባ ላይ አሰርኩ፣ በሙቁ በኩል ሂትሲንክ (ሙቀቱን ወደ አየር የሚበትን ብረት) እና ፋን አለው፣ በቀዝቃዛው በኩል ትንሽ ፓምፕ ሰደርያው ላይ በሰፋሁት ቀጭን ቱቦ ውሃ ታዞራለች። ክፍል ውስጥ ደስ ይል ነበር። ፀሐይ ላይ ስወጣ በ20 ደቂቃ ውስጥ ሂትሲንኩ የማይነካ ሆነ፣ ውሃውም ለብ አለ። ባትሪ ልጨምር ወይስ መንገዱን ልቀይር?

ኮምፕረሰር_ሠሪ፦
እንኳን ወንድምህ ተረፈ። ባትሪ አትጨምር። እኔ ማቀዝቀዣ ስጠግን ነው የኖርኩት፣ ችግርህ የባትሪ አይደለም።

እስቲ አብረን እናስላ። ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው ሰውነቱ ወደ 100 ዋት ሙቀት ያወጣል። ሸክም ይዞ ሲጓዝ 400ና 500 ዋት ይደርሳል። ያንተ ፔልቲየሮች በዚያ ሙቀት 100 ዋት በልተው 40 ወይም 50 ዋት ቢያወጡ ነው፣ እሱም ሂትሲንኩ ከተነፈሰ። የበሉትን 100 ዋትና ከሰውየው የወሰዱትን ደግሞ ደምረው እዚያው ጀርባው ላይ ይተፉታል። አራት ሰዓት ለማሠራት ባትሪው ብቻ ሦስት ኪሎ አካባቢ ይመጣል። ሦስት ኪሎ የተሸከመ ሰው ደግሞ ይበልጥ ይሞቃል። ክብደት ራሱ ሙቀት ነው፣ እሱን አትርሳ።

በረዶም አስበህ ከሆነ፣ አንድ ኪሎ በረዶ ሲቀልጥ 334 ኪሎጁል ይወስዳል። ለአንድ ሰዓት ብትዘረጋው 93 ዋት መሆኑ ነው። 200 ዋት ለሁለት ሰዓት ከፈለግህ አራት ኪሎ በረዶ ልታሸክመው ነው። በዚያ ላይ ቆዳ በጣም ሲቀዘቅዝ የደም ስሮቹ ይጠባሉ፣ ሙቀቱ ወደ ውጭ መውጣቱን ይቀንሳል። ለዚህ ነው ብዙ ሰው ከበረዶ ይልቅ በ15 ወይም በ20 ዲግሪ አካባቢ የሚቀልጥ ነገር የሚመርጠው።

ሰሜን_ቨርጂኒያ፦
ሀሳቡን አትጣለው፣ ሰውየውን ምረጥ። እኔ በአሜሪካ ጦር ውስጥ አገልግያለሁ። ውሃ የሚዞርበት ልብስ እኮ አዲስ ነገር አይደለም፣ ጨረቃ ላይ የተራመዱት የአፖሎ ጠፈርተኞችም ከውስጥ ለብሰውት ነበር። የብላክ ሆክ ሄሊኮፕተር ሠራተኞችም አላቸው፣ እነሱ ጋ የሚሠራበት ምክንያት ግልጽ ነው፦ ማቀዝቀዣው ከሄሊኮፕተሩ ጋር ታስሯል፣ ኃይሉም ከዚያው ነው የሚመጣው። ሰውየው የሚለብሰው ሰደርያና ቱቦውን ብቻ ነው። ስለዚህ ለታንክ፣ ለብረት ለበስ ወይም ለሾፌር ብታደርገው ቱቦህና ፓምፕህ በሙሉ ይጠቅሙሃል። ለእግረኛ ግን ሌላ ነገር አስብ።

የአቢዬው፦
ልጄ፣ እኔ የተማርኩት ሜዳ ላይ ነው። አቢዬ ሰላም አስከባሪ ነበርኩ። ኮዳችን የጨርቅ ልባስ አለው። ጨርቁን ውሃ ነክረን ነፋስ የሚያገኘው ጥላ ላይ እንሰቅለዋለን፣ ትንሽ ቆይቶ ውሃው ጉሮሮ የሚያርስ ይሆናል። እናቶቻችን እንስራ ላይ የሚያውቁት ነው፣ እንስራው ሲያልብ ውሃው ይቀዘቅዛል። ዝናብ ሲገባ ግን አየሩ ራሱ እርጥብ ነው፣ ጨርቁ እንደረጠበ ይውላል እንጂ ኮዳው አይቀዘቅዝም።

ሰውም እንደዚያው ነው። መከላከያውን አውልቀህ ብታየው ከስሩ ያለው ሸሚዝ ይጨመቃል፣ እጅጌው ደግሞ ደርቆ ጨው አውጥቷል። ሰውየው የሚታፈነው እዚያ ደረቱ ላይ ነው።

ኮምፕረሰር_ሠሪ፦
የአቢዬው የተናገሩት ዋናው ነገር ነው። አንድ ሊትር ላብ ሙሉ በሙሉ ከቆዳ ላይ ከተነነ ወደ 2,400 ኪሎጁል ይወስዳል፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከሆነ 670 ዋት ማለት ነው። የትኛውም ባትሪ ይህን አይሰጥህም። የተንጠባጠበው ላብ ግን ምንም አያቀዘቅዝም። ስለዚህ ከመከላከያው ስር አንድ ሁለት ሳንቲሜትር ክፍተት የሚሰጥ ወንፊት መሰል ሰደርያ ሥራ፣ ከታች ጥቂት ዋት የምትበላ ፋን አየር ትንፋበት። ግን ሰውየው ካልጠጣና ካላላበው ከ35 ዲግሪ በላይ የሆነ አየር ሙቀት ነው የሚጨምርበት፣ ይህን በሪፖርትህ በግልጽ ጻፈው።

ሰሜን_ቨርጂኒያ፦
እረፍትንም አትርሳ። ፎርት ቤኒንግ በሚባለው የአሜሪካ ጦር ማሠልጠኛ ሠልጣኞች በእረፍት ሰዓት ክንዳቸውን እስከ ክርን ድረስ የቀዘቀዘ ውሃ ያለበት ገንዳ ውስጥ ይነክራሉ። ማንም አይሸከመውም፣ ገንዳው እዚያው ይጠብቃቸዋል። ለወደቀ ሰው ደግሞ በበረዶ ውሃ የተነከረ አንሶላ ያዘጋጃሉ። አዲስ ገቢ ከሆነ ደግሞ ሰውነቱ ከሙቀቱ ጋር እስኪለማመድ ከ10 እስከ 14 ቀን ይፈልጋል፣ ሰደርያህ ያንን አይተካም።

የቆላ_ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። የአቢዬው ጋሼ፣ የሸሚዙን ነገር ሲነግሩኝ ወንድሜም ያንኑ ብሎኝ እንደነበር ትዝ አለኝ፣ ያኔ ልብ አላልኩትም። ፔልቲየሩን አወጣዋለሁ። ቱቦውን ለሾፌር፣ ፋኑን ለእግረኛ አድርጌ ሁለቱን አወዳድራለሁ። ግን ላቡ መትነኑን በምን ልለካ?

ኮምፕረሰር_ሠሪ፦
በሚዛን። ሰውየውን ያለ ልብስ መዝነው፣ ልብሱንም ለብቻ። አንድ ሰዓት በእግር ይሂድ፣ ከመነሻው እስከ መጨረሻው የጠጣውን ውሃ በግራም ያዝ፣ ሰውነቱን አድርቀህ እንደገና ሁለቱንም መዝን። ሰውየው የቀነሰው ላይ የጠጣውን ስትደምር ጠቅላላ ላቡን ታገኛለህ። ልብሱ የጨመረውን ከዚያ ቀንስ፣ የቀረው በአብዛኛው የተነነው ነው። አንዴ በፋን፣ አንዴ ያለ ፋን፣ በተመሳሳይ ሰዓት። ከጎኑ ሰው ይኑር፣ በቂ ውሃም ያዙ። ራሱን ካዞረው ወዲያው አቁሙ።