ጎንደር ሆኜ የታይላንዱን ሶም ታም (የጥሬ ፓፓያ ሰላጣ) እንዴት ልሥራ?

የአዘዞ ልጅ፦
ሰላም ጎንደሬዎች። አምና ለሥራ ባንኮክ 3 ሳምንት ቆይቼ ነበር። ካረፍኩበት ጀርባ 4 ጠረጴዛ ያላት ትንሽ ምግብ ቤት አለች። የሚሠሩት የሰሜን ምሥራቁን፣ የኢሳንን ምግብ ነው። ሴትዮዋ ጥሬ ፓፓያ በቀጭኑ ትከትፋለች። ከዚያ በሙቀጫ ነጭ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ ቲማቲምና ሎሚ እየጨመረች ቀስ አድርጋ ትወቅጠዋለች። «ስንት ቃሪያ?» ብላ በጣቷ ጠየቀችኝ። እኔም በሚጥሚጣ ያደግኩ ነኝ፣ 5 አልኳት። እንባዬ ዱብ ዱብ አለ፤ ሳህኑን ግን ጠርጌ በላሁት! የሚያጣብቀውን ሩዝ በእጅ እየጠቀለሉ ሲያጠቅሱበት የእናቴ ገበታ ትዝ አለኝ። ከዓሣና ከጨው የሚብላላውን ፈሳሽ ግን እዚህ አላገኘሁም። በምን ልተካው?

ማራኪ፦
ወንድሜ፣ ጨውና ትንሽ ስኳር አድርግበት። ጣዕሙ ያንሳል እንጂ ይበላል። እንዲያውም ያለ ዓሣው ለጾም ይሆናል። ፓፓያውን ቅዳሜ ገበያ ለሻጮቹ ቀድመህ ንገራቸው። ልጣጩ አረንጓዴ፣ ውስጡ ነጭ ይሁን። ቢጫ ከጀመረ ሙቀጫ ውስጥ ይላቆጣል።

እናት ጓዳ፦
ልጄ፣ ላርብ የሚሉትን የተፈጨ ሥጋ ሰላጣም ሞክር። ሩዙን ሳታጥበው ምጣድ ላይ ቡና እስኪመስል ቁላና ውቀጠው። የተፈጨ ሥጋ አብስለህ በሎሚ፣ በሚጥሚጣና በናና ለውሰው፤ ሩዙን መጨረሻ ላይ ነስንስበት። ቅቤ እንዳታስጠጋው!

የአዘዞ ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ እትዬ። ሩዙን ዛሬ ማታ እቆላለሁ።